የነገሬ ቋጠሮ

ገብርኤልን አልጣላውም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እናቴ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ ነው ያደግሁት፣ እኔም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳኝ የጠራሁት እሱኑ ነው። ነገር ግን ሰው ከእሳት ያወጣውን ሰው ትቶ መልአኩን ብቻ ሲያመሰግን ሳይ ደሜ ይፈላል። ያወጣቸው ሰው ኮልፌ፣ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር፣ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳለ እነሱ ስለት ሊያስገቡ ቁልቢ ሄዱ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ትልቅ ጃንጥላ ይዘው። ነገሬን ግን አንድ ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሃምሳ አለቃ ነገሬ የአየር ኃይል ሰው ነው። አብራሪ አልነበረም፤ መኮንንም አልነበረም። አንቶኖቭ ላይ ጭነት የሚጭን፣ የሚያስርና አብሮ የሚበር ባለሌላ ማዕረግ ነው። ሰፈሩ «አብራሪው» እያለ ሲያሞካሸው እሱ ይስቃል። «እኔ የሰማይ አህያ ጫኝ ነኝ» ይላል። አነጋገሩ ከቀልድነቱ እውነትነቱ ይበልጣል፤ አባቱ ከመናገሻ በኩል ማገዶ በአህያ እየጫኑ ኮልፌ ገበያ የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። እኔና ነገሬ ያደግነው ከነዚያ አህዮች ኋላ ስንሮጥ ነው። እሳቸው በኦሮምኛ እየተቆጡ ገመድ አያያዝ ሲያስተምሩን እኔ አልገባኝም፤ ለዚህም ነው የታክሲ ሹፌር ሆኜ የቀረሁት። ነገሬ ግን ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ እሱ የጫነው አህያ ቆሼ አፋፍ ላይ ተንሸራቶ ቢወድቅ እንኳ ማገዶው ከጀርባው አይነቃነቅም ነበር። ሌላው ልጅ በኳስ ሲኮራ እሱ የሚኮራው በቋጠሮው ነው።

እንግዲህ ያን ሰው ነው «ጭነት በደንብ አላሰርክም» ያሉት።

ነገሩ የሆነው በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ ነው። ያኔ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የኛ ልጆች ከየመንገዱ እየታፈሱ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳሉ። የሻምበል መኳንንት ሶፋ ግን ከጦር ግንባር ወደ አየር ጤና ይመጣ ነበር። ሻምበል መኳንንት የነገሬ አውሮፕላን አዛዥ ነው። አንቱ እንድለው የሚጠብቅ ካለ ይጠብቅ።

ነገሬ ታሪኩን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሳመጣው፣ የሰይቸንቶ ታክሲዬን መስኮት አዘግቶኝ። የዚያን ቀን አስመራ ላይ የጫኑት ከግንባር የተመለሰ የመብራት ጥይት ነበር። ከአውሮፕላን ሲለቀቅ በአየር ላይ እየነደደ ጨለማውን ቀን የሚያስመስል፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ ነው። እርጥበት ነክቶታል ተብሎ በሣጥን በሣጥን ወደ ደብረ ዘይት ሊመለስ ነው። ነገሬ ሣጥኖቹን ጠፍንጎ አስሮ ላቡን ሲጠርግ አንድ ፒክአፕ አውሮፕላኑ ሥር መጥቶ ቆመ። ቀይ ከፋይ የለበሰ ሙሉ ሶፋ ጭኗል።

«ሣጥኖቹን ፈትተህ ወደ በሩ ሳባቸውና ሶፋውን በነሱ ቦታ እሰርልኝ» አለው ሻምበሉ።

«ጌታዬ፣ ማሰሪያው ለሁለቱም አይበቃም።»

«ሶፋውን እሰር አልኩህ። ከፋዩ ከተቀደደ የኔዋ ሴትዮ በሰላም አታስገባኝም። ሣጥን ደግሞ የት ይሄዳል?»

ሌሎቹ ሳቁ። መካኒኩ ደበላም ሳቀ፤ የራሱን ፍሪጅ አስቀድሞ ጭኖ ስለነበር ከመሳቅ በቀር ምን ምርጫ አለው። እያንዳንዱ የራሱ ነገር ነበረው። ነገሬ ብቻ ባዶ እጁን ነበር። ትእዛዝ ነውና ሣጥኖቹን ፈታ፣ ሶፋውን አሰረ። «እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለኝ። እኔም ተናድጄ «ሃምሳ አለቃ ለሻምበል እምቢ ሲል የት አይተሃል?» ብዬ ጮህኩበት። የማይጮህበት ሰው ላይ ነው የጮህኩት።

ከአስመራ ተነሥተው ተራሮቹ ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ተናጠ። ያልታሰረው ሣጥን ተንሸራቶ ወደቀና ተከፈተ፣ አንዱ ቱቦ በራ። ነገሬ እንደሚለው ፀሐይ ጓዳ የገባች ይመስል ነበር። ያ እሳት ውኃ አያጠፋውም። ወደ ሌሎቹ ሣጥኖች ከተዛመተ ስድስቱም ሰዎች ዐመድ ይሆናሉ። ጭሱ አፍኗቸው ሻምበሉ ከፊት «ገብርኤል! ጃንጥላ አስገባለሁ!» እያለ ሲጮህ ይሰማል። ስለቱ የተሳለው ያኔ ነው።

ነገሬ ስለት አልተሳለም። በእግሩ ሊገፋው ሞከረ፤ ቱቦው እየተሽከረከረ ከአንዱ የሶፋ ወንበር እጀታ ሥር ተወሸቀና ከፋዩን ያነደው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሌላ መንገድ አልነበረም። በሁለት እጁ አነሳው፣ ደረቱ ላይ አቀፈው፣ ዓይኑን ጨፍኖ በደረቱ ተሸክሞት ወደ ኋላው በር ሄደ። «ደበላ፣ ክፈት!» አለ። ደበላ ከፈተ። ነገሬ ወረወረው፤ ግን አልወደቀም፤ ጓንቱ ቀልጦ ከእጁ ጋር ተጣብቋል። የበሩ ብረት ላይ እጁን ደጋግሞ እየመታ ነው ያላቀቀው። ከዚያ ተመልሶ የሚጨሰውን ወንበር በትከሻውና በጀርባው ደፍጥጦ አጠፋው። አዎ፣ ሶፋውንም ያዳነው እሱ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ የግራ እጁ ጣቶች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ከቀኙ አውራ ጣቱና ጠቋሚው ብቻ ይታዘዙታል። አንገቱ እስከ ጆሮው ተጨማድዷል። ሚስቱ ፀዳለ፣ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት፣ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፣ ታጎርሰዋለች። እሱ ያፍራል፣ እሷ ትቆጣዋለች። ይህን ሁሉ ይችሉት ነበር። ያልቻሉት የሻምበሉን ሪፖርት ነው። አደጋው የደረሰው «ጭነቱን በአግባቡ ባለማሰሩ» ነው ይላል። ሶፋ የሚባል ነገር የለበትም። በጥቅምት ቦርድ ተቀምጦ ይወስናል፦ ነገሬ በግዳጅ ላይ የቆሰለ ነው ወይስ በገዛ ቸልተኝነቱ አውሮፕላን ሊያጠፋ የነበረ? ሁለተኛው ከሆነ ተባሮ ለጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው፤ ዳውላው ደግሞ ሰው ሆነና አረፈው።

አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ካዳናቸው አምስት አንዱ ቦርዱ ፊት ቆሞ እውነቱን እንዲናገር። ፀዳለ ደበላ ዘንድ ሄደች። «እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አላት። እኔም ሄድኩ፤ ለእኔማ በሩንም አልከፈተ። ሌሎቹ ሁለቱ ወደ አስመራ ተዛውረዋል ተባለ፣ አንዱ ታሟል ተባለ። ይህን ሁሉ ለነገሬ ስንነግረው «ፈርተው ነው» ይላል። እሱ እሳት አቅፎ እነሱ ወሬ ሲፈሩ ይታያችሁ።

እነ ሻምበሉ ከቁልቢ ሲመለሱ ደግሞ ጭራሽ የገብርኤል ጽዋ ማኅበር መሠረቱ። ወር በገባ በ19 በተራ እየተሰበሰቡ ስላተረፋቸው ሊያመሰግኑ። ሻምበል መኳንንት ሾፌሩን ልኮ «በዚህ ወር በኔ ቤት ነው፣ ነገሬም መጥቶ ይባረክ» አለ። ፀዳለ ይህን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን ማጀቱ ውስጥ ወረወረችው።

«ገብርኤል እጁ አልተቃጠለም» አለች። «የተቃጠለው ይኸው እፊቴ ተቀምጧል።»

«እሄዳለሁ» አለ ነገሬ።

ሦስታችንም በኔ ታክሲ አየር ጤና ሄድን። የሻምበሉ መጋረጃ በቀን ተዘግቷል፤ ጓድ ሻምበል በአዘቦት ቀን የፓርቲ ውይይት መሪ ነውና ጸሎቱ እንዲታይበት አይፈልግም። ሳሎኑ ውስጥ ቀዩ ሶፋ በግርማ ሞገስ ተደርድሯል። ባለ አንድ ሰው ከሆኑት ወንበሮች ባንደኛው እጀታ ላይ ነጭ ዳንቴል ተጥሏል፤ በሌላው ላይ የለም። እኔ ይህን ልብ አላልኩም። ፀዳለ ግን ገና ስትገባ ዓይኗን ተከለችበት።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ጨርቁን ለብሶ መሐል ተቀምጧል። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፣ የሆነውን የሚያውቁት ከሻምበሉ አፍ ብቻ ነው። ጸሎቱን ጨርሰው «እስቲ ልጄ፣ ተአምሩን መስክርና ጽዋውን እንቅመስ» አሉት። ሻምበሉ ተነሣ። እሳቱ እንዴት እንደነደደ፣ እሱ ስሙን እንዴት እንደጠራ ተናገረ። «ወዲያው» አለ እንባ እየተናነቀው፣ «እሳቱ በመልአኩ ክንፍ ተገፍቶ በኋላው በር ወጣ።»

ክንፉ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ በሁለት ጣት የዳቦ ፍርፋሪ ይለቅማል።

ፀዳለ ቀስ ብላ ተነሥታ ዳንቴሉን አነሣችው። ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቃጠሎ፣ ከፋዩ ተቆራምዶ፣ እንጨቱ ከስሎ ይታያል።

«ይህ ወንበር ከኔ ባል ጋር እኩል ነው የተቃጠለው» አለች። «እሱን ዳንቴል አለበሳችሁት። የኔን ባል ጥፋት።»

የሻምበሉ ሚስት መሬት መሬቱን አየች። ደበላ ብርጭቆው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሯል። ቄሱ ግራ ገባቸውና ነገሩን ለማብረድ ጽዋውን አንሥተው ለነገሬ ዘረጉለት። ነገሬ አልተቀበላቸውም።

«አልጠጣም አባ» አለ። «ከሻምበል ጋር ተጣልቻለሁ።»

ጽዋ ማኅበር የገባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የተጣላ ሰው ባለበት ጽዋ አይቀመስም። መጀመሪያ ዕርቅ ነው። ቄሱ ጽዋውን አስቀምጠው መልሰው በጨርቁ ሸፈኑት።

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም» አለ ሻምበሉ። ከዚያ የቄሱን ፊት አየና ቸኮለ። «እሺ፣ አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ።»

«ከሆነ አይበሉኝ ጌታዬ። ምን እንዳደረጉኝ ይናገሩ።»

ሻምበሉ ዓይኑን ወደ ተዘጋው መጋረጃ አዞረ። እኔ ልናገር ስነሣ ነገሬ በክርኑ ጎሸመኝ። ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ልጄ፣ ምን እንደበደልከው ልብህ ያውቃል። ክሰህ ታረቅ። እስክትክሰው ይህ ጽዋ አይከፈትም» አሉ።

«እክሳለሁ» አለ ሻምበሉ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ፀዳለ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ። ካሳው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቦርዱ ፊት ቀርቦ ሊመሰክር ነው አልን። እኔ ሞኙም አመንኩ፤ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር አፏጭ ነበር።

በማግስቱ አንድ ፒክአፕ በነገሬ በር ላይ ቆመ። ሁለት ወታደሮች ወረዱና ካሳውን አወረዱ። ወንበሩ ነው። የተቃጠለው ወንበር። ዳንቴሉም አልቀረ፣ ታጥፎ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

ሻምበሉ ሲክስ እንኳ ከመሐል መርጦ የማይፈልገውን ላከ። ለኮልፌ ሰው ይበቃዋል፣ ደስ ብሎት ይቀመጥበታል ብሎ ነው። ሚስቱም ያፈረችበት ነገር ከቤቷ ወጣላት፤ ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «እሰይ፣ ሶፋ አገኛችሁ» ሲል ፀዳለ ቤቷ ገብታ ዘጋች። እኔ መጥረቢያ ላመጣ ሄድኩ። እፈልጠዋለሁ፣ ፈልጬም በሻምበሉ በራፍ ላይ አነደዋለሁ ብዬ።

ስመለስ ነገሬ በወንበሩ ዙሪያ እየዞረ ይስቃል። ከሆስፒታል ከወጣ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ደመቀ፣ የጣሪያህ ፖርቶመጋላ ይህን ይችላል?» አለኝ።

«የት ልትወስደው?»

«ቦርድ።»

የቦርዱ ቀን ጠዋት ወንበሩን ሰይቸንቶዋ ጣሪያ ላይ አወጣነው። መኪናዋ ከወንበሩ አትበልጥም፤ ባርኔጣ የደፋች ሕፃን መሰለች። ገመዱን እኔ ላስር ስል ነገሬ ነጠቀኝ። ባንዱ ክንዱ ገመዱን ጠቅልሎ ያዘ፣ በሁለት ጣቱ አሾለከ፣ በጥርሱ ሳበ። ድዱ ደማ። ፀዳለ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ «ተይኝ» አላት። ጎረቤቱ ቆሞ ያያል። ሲጨርስ ወንበሩን በትከሻው ገፋው፤ መኪናዋ ተወዛወዘች እንጂ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

እኔም ለመንገዱ አልራራሁለትም። ጉድጓድ አይቼ አልሸሸሁም። ተናድጄ ስለነበር እየፈለግሁ ሳልገባበት አልቀረሁም። ፌርማታ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ ይስቅብናል። ቦርዱ የሚቀመጥበት ግቢ በር ላይ ዘቡ አስቆመንና ጣሪያውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምስክር ነው» አልኩት።

በጭቅጭቁ መሐል የቦርዱ ሰብሳቢ ኮሎኔል በረንዳው ላይ ወጡ። ፊታቸው የማይስቅ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሻምበል መኳንንትና ደበላም ለምስክርነት ተጠርተው ኖሮ ከኋላቸው ወጡ። ሻምበሉ ወንበሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አፉ ቀደመው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

«ጌታዬ፣ የኔ ወንበር ነው» አለ። «ለዚህ ሰው አዝኜለት በስጦታ የላክሁለት ነው። ምስጋናው ይህ ነው።»

«ያንተ ነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ምን አቃጠለው?»

«ሻማ… እቤት ውስጥ፣ ሻማ ወድቆ ነው።»

ኮሎኔሉ ወደ ደበላ ዞሩ። ለምን ወደሱ እንደዞሩ አላውቅም፤ ምናልባት ላቡን አይተው ይሆናል። ደበላ ወንበሩን አየ፣ የነገሬን እጅ አየ፣ የደማ አፉን አየ።

«ሻማ አይደለም ጌታዬ» አለ። «ይህን ወንበር አውቀዋለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ነበር። ሣጥኖቹ ታስረው ነበር፤ ለሱ ቦታ ተብሎ ነው የተፈቱት። የኔም ፍሪጅ ነበረበት።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ኮሎኔሉ ወደ ታክሲዬ ወርደው ወንበሩን ባንድ እጃቸው ነቀነቁት። አልተነቃነቀም።

«ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ነገሬ።

«በዚህ እጅህ?»

«በዚህና በጥርሴ።»

ከቀትር በኋላ ውሳኔው ተነበበ፦ ጥፋት አልተገኘበትም፣ በግዳጅ ላይ የቆሰለ ነው። በቃ። ስድስት ነፍስና አንድ አውሮፕላን አዳነ የሚል ቃል አልነበረበትም፤ ያን ከጻፉ ሶፋውን ሊጽፉ ነዋ። እውነቱን የተናገረው ደበላ ስለ ፍሪጁ ታሰረ። ሻምበሉ አልታሰረም። ሶፋ ፍሪጅ አይደለማ። የኔ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቋጠሮዬን አልነኩብኝም» ብሎ ተነፈሰ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተነፈስኩም።

ልንወጣ ስንል ሻምበሉ ከላዳ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። ነገሬ ወደሱ ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ያችን የተጨማደደች እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠ።

«ጌታዬ፣ ካሳዎን መልሻለሁ። አልታረቅንም።»

ኮሎኔሉ ከበረንዳው ሰምተዋል። «ሻምበል፣ ንብረትህን ይዘህ ውጣ» አሉ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ። አንድ ወታደር ከኔ ጣሪያ ላይ ወንበሩን ሊፈታ ታገለ፣ አቃተው፣ ሳንጃ ሊያመጣ ዞረ። ነገሬ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ያዝ አድርጎ ሳበው፤ ገመዱ ባንዴ ተዘረገፈ። ከዚያ ወንበሩን ላዳው ላይ አስጫነና ራሱ አሰረው። ጊዜ ወስዶ፣ ሳይቸኩል። ሻምበሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኮሎኔሉ እያዩ ምን ይበል።

የሻምበሉ ጎረቤት እንደነገረኝ አየር ጤና ሲደርስ ሊፈታው የሞከረ ሁሉ አልቻለም፤ በመጨረሻ ገመዱን በቢላ ቆረጡት። ጽዋውን ግን በቢላ የሚከፍት የለም። በሚቀጥለው 19 ቄሱ መጡና «ታረቃችሁ?» አሉ። አልታረቁም። ጨርቁን ሳያነሡ ጸልየው ሄዱ።